ስብሰባው ግን ቀጠለ

ሥራሽ ምንድን ነው ብትሉኝ መልሱ ረጅም ነው። እናቴ ደሴ ሆና ለጎረቤት ስታስረዳ «ፈረንጆች ገንዘብ ይሰጧታል፣ እሷ ታከፋፍላለች» ትላለች። እንደሱ ቢሆንማ ምን ነበረበት! የአውሮፓ ኅብረት ለምርምር ገንዘብ ሲመድብ፣ ለአንዳንዱ ሥራ የደረጁ ዩኒቨርሲቲዎች ገና በማደግ ላይ ካሉ አገሮች ተቋማት ጋር ተጣምረው እንዲሠሩ ይፈልጋል። ምርምሩም ይሠራል፣ እነዚያም እግረ መንገዳቸውን ይጠነክራሉ ተብሎ ነው። ስሙ «አቅም ግንባታ» ነው። እኛ ከዚህ ቃል ጋር በቴሌቪዥን ዜና አብረን ስላደግን ትርጉሙን ጠይቀን አናውቅም። እኔ ከነዚህ ፕሮጀክቶች የአንዱ አስተባባሪ ነኝ። የምናጠናው የከርሰ ምድር ውሃ ለምን ጨው እየሆነ እንደሚሄድ ነው። ሦስት የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች፣ እኔ የምሠራበት የናይሮቢ ተቋም፣ አንድ የካምፓላ፣ ከዚያም በየሪፖርቱ «ልምዱ አነስተኛ የሆነ ተባባሪ» እየተባለ የሚጠቀስ የሐርጌሳ የምርምር ማዕከል አሉበት።

የምኖረው ያኔ ላቪንግተን ነበር፤ ዛፍ የሞላበት፣ ጸጥ ያለ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በመኪናው ታርጋ የሚያውቅበት ሰፈር። ተቋሙ ቢሮ ሰጥቶኝ ነበር፤ ሥራዬ ሁሉ የኢንተርኔት ስብሰባ ስለሆነና የናይሮቢ የመኪና ጃም ስላንገሸገሸኝ ቤቴን ቢሮ አደረግኩት። ብቸኛ ነበርኩ። አሁን በቀላሉ እጽፈዋለሁ እንጂ ያኔ ብቸኛ ነሽ ባለኝ ሰው እስቅበት ነበር። ቀኑን ሙሉ ከአምስት አገር ሰው ጋር የምታወራ ሴት ምኗ ብቸኛ ነው? እሁድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ቅዳሴው አልቆ ሐበሻው ግቢ ውስጥ ተቃቅፎ «እንዴት ሰነበታችሁ» ሲባባል ግን እኔ ታክሲ ውስጥ ነኝ። «መቼ ነው የምታገቢው» የሚሉኝን እናቶች ሽሽት ነው እያልኩ ለራሴ እነግረው ነበር። እውነቱን ለመናገር ሰው ሲቀርበኝ ምን እንደምለው ጠፍቶብኝ ነበር።

ጨጓራም አለብኝ። ጨጓራ የሌለበት ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ! ሁላችንም ስላለብን ደግሞ ማንም በሽታ ብሎ አይቆጥረውም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምውል ወገቤን ያመኝ ጀምሮ ነበር፤ ለወገቤ የሚሸጡልኝን ክኒን በባዶ ሆዴ እየዋጥኩ ሻይ እከልስበታለሁ። ሆዴን ሲያቃጥለኝ «ጨጓራዬ ተነሣ» ብዬ ዝም።

ያ ቀን ዓርብ ነበር። ጾም ስለሆነ ቁርስ አልቀመስኩም፤ የመብያዬ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ስብሰባው መጣ። ስብሰባው ቀላል አልነበረም። የፕሮጀክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ሊጀመር ስለሆነ የትኛውን የሥራ ክፍል ማን ይምራ የሚለው የሚወሰንበት ነው። የመስክ ናሙና አሰባሰቡን የሚመራው ሐርጌሳ ነበር፤ አንዳንዶቹ ይህን ሥራ ከእጁ ሊወስዱ እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። እኔ ልከራከርለት ተዘጋጅቻለሁ።

የሐርጌሳው ሰው ዶክተር ጉሌድ ይባላል። ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ በድምፅ ብቻ ነው የሚገባው። እሱ ብቻ ጥቁር ሳጥን ሆኖ እንዳይቀር ብዬ ካሜራ ሁላችንም እንዝጋ የሚል ደንብ ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። ሁሉም ወደዱት፤ በፒጃማ መሰብሰብን ማን ይጠላል! ጉሌድ ብዙ አይናገርም። ሲናገርም ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ሌላው ቀድሞ ይገባበታል፣ እሱም «ግድ የለም፣ ቀጥሉ» ይላል በእንግሊዝኛ።

ስብሰባውን ከፍቼ፣ ሰላም ተባብለን፣ ለቶማስ አስረከብኩት። ቶማስ ከአውሮፓዎቹ አንዱ ነው፤ ቴክኒኩን የሚቆጣጠረው፣ ማን እንደተናገረ፣ የማን ማይክ እንደተከፈተ የሚከታተለው እሱ ነው። እኔ እንደ ልማዴ ማይኬን መዝጋት ረሳሁ። ቶማስ ሥዕላዊ መግለጫውን ሲጀምር ውሃ ልጠጣ ብርጭቆዬን አነሣሁ።

ከዚያ ሆዴን አንድ ነገር ወጋኝ።

ሕመም አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ አላውቅም ነበር። ከእምብርቴ በላይ ቢላዋ የገባብኝ መሰለኝና ትከሻዬ ድረስ ተሰማኝ። ልነሣ ስል ከነወንበሬ ወደቅኩ። ብርጭቆው ተሰበረ። ሆዴ እንደ ጣውላ ደርቋል፤ ጉልበቴን ወደ ደረቴ ካላጠፍኩ መተንፈስ አልችልም። ጮኽኩ። በየትኛው ቋንቋ እንደምጮኽ የምመርጥበት ጊዜ አልነበረም።

«ኧረ በማርያም! ኧረ የሰው ያለህ! ድረሱልኝ!»

ላፕቶፑ ላይ የቶማስ ንግግር ተቋረጠ። ሰሙኝ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

«ይቅርታ፣ ከአንድ ቦታ ድምፅ እየገባብን ነው» አለ ቶማስ፣ በዚያ በሰለጠነ አነጋገሩ። «ራሔል፣ ከአንቺ በኩል መሰለኝ። ጎረቤት ይሆናል፣ ወይ ቴሌቪዥን። ሚዩት አድርጌልሻለሁ። እሺ፣ ወዳቆምንበት እንመለስ።»

ዘጋኝ። በክፋት አይደለም፤ ለስብሰባው ጥራት ነው።

አሁን ያለሁበትን ልንገራችሁ። ወለል ላይ ነኝ፤ ላፕቶፑ ከራሴ በላይ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስልኬ ኩሽና ውስጥ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል። በሩ ተቆልፏል፤ ከእንጨቱ በር በስተውስጥ ደግሞ እንደ ናይሮቢ ቤቶች ሁሉ የብረት ፍርግርግ አለ፣ በጋን ቁልፍ ከውስጥ ዘግቼዋለሁ፤ መክፈቻው ኩሽና ነው። ሌባ እንዳይገባ ያደረግኩት ነው፤ ሰውም እንዳይገባ ማድረጌን ያን ቀን ነው ያየሁት። ቀኑ ዓርብ ነው። ቤት የምታጸዳልኝ ሴት የምትመጣው ማክሰኞ ነው። ከማክሰኞ በፊት ይህን በር የሚያንኳኳ አንድ ሰው ለማሰብ ሞከርኩ። አላገኘሁም። ሕመሙ ሳይሆን ይህ ነው ያስለቀሰኝ።

የላፕቶፑን ገመድ ጎተትኩ፤ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። በበሩ በኩል ወደ ኩሽና ልሳብ ብዬ ጥቂት እንደተንቀሳቀስኩ ዓይኔ ጨለመብኝ። ከዚያ ኩሽና ያለው ስልኬ ይጠራ ጀመር። ጠራ፣ ቆመ። ደግሞ ጠራ፣ ቆመ። ዕቃ አመላላሽ ነው ወይ የተሳሳተ ቁጥር ነው ብዬ አሰብኩ። ማን ይደውልልኛል?

ስብሰባው ግን ቀጠለ።

«ራሔል፣ በዚህ ላይ አስተያየት አለሽ?» አለ ቶማስ። ጠበቁኝ። «ራሔል? ጠፋች መሰለኝ።»

«ናይሮቢ መብራት ሄዶ ይሆናል» አለች ከአውሮፓዎቹ አንዷ። «ባለፈውም እንዲህ ሆኖ ነበር።»

«እንቀጥል፤ ስትመለስ እንነግራታለን።»

ወለሉ ላይ ተጠቅልዬ የራሴን ፕሮጀክት ስብሰባ አዳመጥኩ። ሐርጌሳ ላይ ሲደርሱ ጉሌድን ጠሩት። መልስ የለም።

«እሱም ወጥቷል» አለች ያችው ሴት። «እኔ ስለ ሰውየው ችሎታ አልናገርም፤ ግን እንዲህ ወሳኝ ስብሰባ ላይ ጥሎ የሚሄድ ተባባሪ እንዴት የሥራ ክፍል ይመራል? አቅማቸው ገና ነው።»

ማንም አልተቃወመም። የሚቃወመው ሰው አፉ ተዘግቶ መሬት ላይ ነበር። ሥራው ለሌላ ተሰጠ። ከዚያ ሁሉም በየተራ ተሰናበቱ፤ መልካም ቅዳሜና እሁድ ተመኛኙ፤ ቶማስ «ለራሔል ሰላምታዬን አድርሱልኝ» አለ። ማን እንዲያደርስ ነው? ያጅበኝ የነበረው ድምፅ እንኳ ጠፋና ቤቱ ጭር አለ። እዚያ ላይ ተስፋ ቆረጥኩ። እናቴ ስትሰማ ማን አጠገቧ ይኖር ይሆን እያልኩ ነበር።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በሩ ሲደበደብ ነቃሁ።

«አቦ! ራሔል! ውስጥ አለሽ?»

የሴት ድምፅ ነው፤ አማርኛ ነው፤ የድሬዳዋ አማርኛ። ሞቼ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ገነት ድሬዳዋ ትሆናለች ብዬ ግን ጠብቄ አላውቅም።

«አለሁ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

ውጪ የነበረውን ኋላ ራሷ ነው የነገረችኝ። ስሟ ሆዳን ነው፤ የጉሌድ ታላቅ እህት። ሳውዝ ሲ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር የመጋረጃ ሱቅ አላት። ጉሌድ ጩኸቴን ሰምቶ፣ ቶማስ ሲዘጋኝም ሰምቶ፣ ለኔ ደጋግሞ ደወለ፤ ስልኬ አልነሣ ሲል ከስብሰባው ወጥቶ ለእህቱ ደወለ። አድራሻዬን ያገኘው፣ ባለፈው ዓመት ለሐርጌሳ የተገዛውን ላፕቶፕ ሰው ልኮ ከኔ ሲያስወስድ ሎኬሽኔን በዋትሳፕ ስለላክሁለት ነው።

«መኪና ይዤ ብወጣ ጃሙ ውስጥ እቀራለሁ» አለችኝ ሆዳን። «በሕይወቴ ቦዳ ቦዳ ተሳፍሬ አላውቅም። ያን ቀን ድሪያ ቀሚሴን ሰብስቤ ሞተሩ ላይ ወጣሁ። ልጁን ‹ሃራካ! ሃራካ! ፍጠን!› እያልኩ ወገቡን ቆነጠጥኩት። አሁንም ምልክቱ ይኖርበታል።»

በሩ ላይ ዋፉላ አለ። ዋፉላ የሕንፃችን ጥበቃ ነው፤ ደንብ አክባሪ ነው። እንግዳ ሲመጣ ለተከራዩ ይደውላል፤ ተከራዩ አዎ ካላለ እንግዳው አይገባም።

«ማዳም፣ ሃፖኬይ ሲሙ» አላት። ስልክ አታነሣም ማለቱ ነው። «ስለዚህ ሩሁሳ፣ ፈቃድ፣ የለም።»

«ስልክ አላነሣ ስላለች እኮ ነው የመጣሁት!»

«ካላነሣች ደግሞ መግባት አይቻልም።»

«ስማኝ ወንድሜ» አለችው ሆዳን። «እኔ ሌባ ከሆንኩ ነገ ታስይዘኛለህ። እሷ ከሞተች ግን ነገ ምን ታደርጋለህ?»

ዋፉላ ይህን ጊዜ የመለዋወጫ ቁልፉን ይዞ ቀድሟት ሮጠ። የእንጨቱን በር ከፈቱት፤ ከፍርግርጉ ላይ ደረሱና ቆሙ። በብረቱ መካከል አየኋት፤ ሰፊ ሴት፣ ሻሿ ተንሸራቶ፣ ላብ በላብ ሆና። ዋፉላ ፉንዲ የሚሉትን ብረት ቆራጭ ሊጠራ ወደ ታች በረረ። ሆዳን ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እጇን በፍርግርጉ አሳልፋ ዘረጋችልኝ። አልደረሰም። እኔም እጄን ሰደድኩ፤ ጣቶቻችን ተያያዙ።

«ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ» አለችኝ። «አውሪኝ። የማን ልጅ ነሽ? ከየት ነሽ?»

«ከደሴ።»

«ደሴ ብርድ ነው አይደል? እኔ ብርድ አልወድም። ንገሪኝ እስኪ፣ እናትሽ ማን ይባላሉ?»

ፉንዲው መጥቶ ቁልፉን እስኪቆርጥ ድረስ ስለ ደሴ ብርድ አወራን። ብልጭታው ሲረጭ እጄን አልለቀቀችም።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ሆዴን ነክቶ ፊቱ ተለወጠ። ጨጓራዬ ተበስቷል፤ አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል አለ። ነርሷ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል እየገፋችኝ ጠየቀችኝ።

«የቅርብ ዘመድሽ ማን ነው? ማንን እንጥራ?»

ያችን ጥያቄ አልረሳትም። የእናቴን ስልክ ብሰጥ በድንጋጤ ትሞትብኛለች። ሌላ ስም ፈለግኩ። ስልኬ ላይ ከሁለት መቶ በላይ ሰው አለ፤ ሁሉም ከስሙ ቀጥሎ የመሥሪያ ቤቱ ስም ተጽፎበታል።

«እኔ ነኝ» አለች ሆዳን።

«ምኗ ነሽ?»

«እህቷ።»

ነርሷ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየች፣ የሆዳንን ሻሽ አየች፣ «ሳዋ»፣ እሺ ማለቷ ነው፣ ብላ መራችን። ማደንዘዣው ሲወስደኝ የማለቅሰው በሕመሙ ነው ብለው መሰለኝ የሚያባብሉኝ።

ስነቃ ሆዳን ወንበር ላይ ተኝታ ታንኮራፋለች። ሐኪሙ ጥቂት ሰዓት ብትዘገዪ ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር አለኝ። እናቴ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለውን ተረት ትወዳለች። የኔ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ግድግዳ ለግድግዳ የምንኗኗረው ጎረቤቶቼ ምንም አላወቁም፣ የሐርጌሳው ሰው ሰማኝ።

በማግስቱ ሆዳን ስልኳን ጆሮዬ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«አቦ፣ እንዴት አደርሽ?» አለኝ ያ ሁለት ዓመት በእንግሊዝኛ የማውቀው ድምፅ።

«ዶክተር ጉሌድ! አማርኛ ትችላለህ እንዴ?»

«ድሬዳዋ ከዚራ ያደገ ሰው አማርኛ ካልቻለ ምን ሊችል ነው!»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርሽ ነበር። አንድ ቀን ማይክሽን ሳትዘጊ ቶማስን በአማርኛ ስትሰድቢው ሰማሁና ተውኩት። ከነገርኳት ስድቡ ይቀርብኛል ብዬ።»

ሳቅኩ፤ ስፌቱ አስጮኸኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ነገር ነገረኝ።

«ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ እንዳትቀየሚኝ። ስብሰባ ሲያልቅ አንቺ አትወጪም። ሁሉም ሄዶ ብቻሽን ትቀሪያለሽ። አንዳንዴ ‹በቃ፣ ሄዱ› ትያለሽ። አንዳንዴ ምንም አትዪም፣ ትንፋሽሽ ብቻ ይሰማል።»

አፈርኩ። እውነቱን ነው። ከስብሰባው ብወጣ ቤቱ ጸጥ ስለሚል ትንሽ እቆይ ነበር።

«ስምህን አየው ነበር» አልኩት። «ኔትወርክ ይዞህ የቀረ ይመስለኝ ነበር።»

«ኔትወርክ አይደለም። አባታችን ማዕድ ላይ የመጨረሻው ሰው በልቶ ሳይጨርስ አያስነሣንም ነበር። ሰው ብቻውን አይበላም ይላል። እኔም አንቺን ባዶ ስብሰባ ላይ ጥዬ መውጣት አልሆንልኝ አለ። እስክትወጪ እቆያለሁ። ምን እንደምልሽ ስለማላውቅ ነው እንጂ ሰላም እልሽ ነበር። ስለዚህ ትናንት ስትጮኺ ቴሌቪዥን አለመሆኑን ወዲያው ነው ያወቅኩት፤ ድምፅሽን ለምጄዋለሁ።»

ስልኩን ለሆዳን መለስኩላትና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ነኝ ብዬ የተቀመጥኩበት ቦታ ሰው ነበረበት።

ከሆስፒታል ወጥቼ ሳገግም ስብሰባ ጠራሁ። ካሜራ እንዲከፈት ጠየቅኩ። የሆነውን ነገርኳቸው፤ ወለል ላይ ሆኜ እያንዳንዷን ውሳኔ መስማቴን ጭምር። የቶማስ ፊት አመድ መሰለ።

«እኔ ነኝ የዘጋሁሽ» አለ። «ጎረቤት መስሎኝ…»

ቶማስን አልቀየምኩትም። ሥራችን እንዲህ አስተምሮናል፤ ድምፅ ሲበዛ ረብሻ ነው፣ ድምፅ ሲጠፋ ኔትወርክ ነው። ሰው ሊሆን ይችላል የሚለው ሦስተኛው ነገር አጀንዳ ላይ የለም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፤ ቃለ ጉባኤው ይታረም አልኩ። «ሐርጌሳ ስብሰባውን አቋርጦ ወጣ» ይላል።

«ምን ብለን እናርመው?» አለች ያኔ «አቅማቸው ገና ነው» ያለችው ሴት፣ ቀስ ብላ።

«ሰው እየሞተ መሆኑን የሰማ ተባባሪ እሱ ብቻ ስለነበር ሊያድናት ወጣ በሉ።»

የሥራ ክፍሉ ለሐርጌሳ ተመለሰ። እሷው ናት ሐሳቡን ያቀረበችው። አሁን የአንድ ሰው ድምፅ ድንገት ሲጠፋ ስብሰባው ይቆማል፤ ስልክ ይደወልለታል። አንድ ጊዜ የካምፓላው ሰው ሽንት ቤት ሄዶ አምስት ሰው ደወለለት፤ ይሁን፣ እንኳን ሽንት ቤት ሆነ።

እኔም ላቪንግተንን ለቅቄ ሳውዝ ሲ ገባሁ፤ ሆዳን ከላይ፣ እኔ ከታች። በሬን ሳታንኳኳ ነው የምትገባው፤ አንዳንዴ ያናድደኛል፣ እንጣላለን፣ ማታ ታርቀን አብረን እንበላለን። እሁድም ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ ሰው አቅፌ እስማለሁ፤ «መቼ ነው የምታገቢው» ሲሉኝ «ባል ካላችሁ አምጡ» እላለሁ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ በተለይ እንደኔ በሰው አገር ሥራ በዝቶባችሁ በራችሁን ከውስጥ ቆልፋችሁ የምትኖሩ፣ እባካችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አንድ ነርስ ማንን እንጥራልሽ፣ ማንን እንጥራልህ ብትላችሁ የምትጠሩትን ስም አሁን ደኅና ሳላችሁ ፈልጉት። ከሌለ ደግሞ ሂዱና የአንድ ሰው በር አንኳኩ። አሳፋሪ ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔ ያን እፍረት ፈርቼ ልሞት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ነበረን። አለቀና እንደተለመደው ተሰነባብተው ወጡ። ሁለት ስሞች ቀሩ።

«ጉሌድ፣ አለህ?»

ድምፁ ዘግይቶ መጣ።

«አለሁ። ምሳ በልተሻል?»